ወረቀቱ ላይ ጎማ የለም

ወሰንየለሽ ሳይክል መንዳት የተማረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ የተከለከለችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እንደገና የጀመረችው ደግሞ በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በመሀል ያለፈውን ሠላሳ ዓመት ሲጠይቋት «በእግሬ ሄድኩ» ብላ ታልፈዋለች። እውነቷን ነው። ጭሮ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ናት፤ ደብዳቤ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የጭሮን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አባቷ አቶ ዘገየ ሳይክል አከራይ ነበሩ። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለች ቆርቆሮ ቤት ስምንት ሳይክል ደርድረው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ለከተማው ልጆች በየሩብ ሰዓቱ ያከራዩ ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ጭሮ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው፤ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ሆኖ ጉልበቱ ላይ የዘገየ ሳይክል ጠባሳ የሌለበት አይገኝም ነበር። ዘጠነኛዋ ሳይክል ግን አትከራይም። ቀይ ናት፤ ጣሊያን ሠራሽ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ። አቶ ዘገየ ሚኤሶ ላይ ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ገዝተው ዳገቱን ሙሉ ቀን ሲነዱና ሲገፉ ውለው ነው ያመጧት። ወሰንየለሽ የተማረችው በዚህችው ነው። ኮርቻው ላይ መድረስ ስላልቻለች በብረቶቹ መሀል እግሯን አሾልካ፣ ተንጋድዳ ትነዳ ነበር።

አሥራ ስድስት ሲሞላት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው እናቷ ዘንድ መጡ። ልጅቷ ደርሳለች፣ እግሯን ከፍታ ሳይክል ላይ መታየቷ ነውር ነው፣ ነገ ማን ያገባታል አሉ። እናቷ አለቀሱ። አቶ ዘገየ ማንንም የማይፈሩ ሰው ነበሩ፤ የሚስታቸውን እንባ ግን አይችሉም። ልጃቸውን ጠርተው «ከሰው ጋር መኖር አለብን» አሏት። እሺ አለች። ኋላ አግብታ ስትፈታ፣ ልጅ ሳትወልድ ወደ አባቷ ግቢ ስትመለስ፣ በብዙ ነገር ተጸጽታ ረስታለች። ያቺን እሺታ ግን ለራሷ ይቅር ብላት አታውቅም።

ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው የኪራዩ ቤት ተዘጋ፤ ስምንቱ ሳይክሎችም አንድ በአንድ ለቁራሌው ሄዱ። አቶ ዘገየ ሲያርፉ ግቢው ለወሰንየለሽና ለታላቅ ወንድሟ ለታምራት ቀረ። ታምራት ጫት የሚጭን አይሱዙ አለው፤ የሰንበቴ ማኅበር ሰብሳቢ ነው፤ ስሙ በክፉ እንዳይነሳ አጥብቆ የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

አንድ ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ወሰንየለሽ የበቆሎውን ጆንያ ከዝናብ ልታሸሽ ስትገባ ከጆንያው ጀርባ ቀይዋን አገኘቻት። የቀረው ቴላዮው ብቻ ነው፤ ጎማና ኮርቻ የሚሰካበት የብረቱ አፅም ከነፊት ሹካው። ቀለሙን ዝገት በልቶት የቡና ገለባ መስሏል። አወጣችው፣ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው፣ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። በማግስቱ ብርጭቆ ወረቀት ገዝታ ተመለሰች።

ሁለት ዓመት ፈጀባት። የደረቁትን ብሎኖች ነጭ ጋዝ ውስጥ ሦስት ሦስት ቀን እየዘፈዘፈች ፈታች። ለቸርኬዎቹና የበግ ቀንድ ለሚመስለው መሪ ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ተመላለሰች። ኮርቻውን ጫማ ሰፊ ቆዳ አለበሰላት። የፍሬኑን ላስቲክ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ቀረፀችው። ፔዳሎቹ አንዱ ከሂርና፣ አንዱ ከበደሳ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። መጨረሻ ላይ ቀይ ቀለም ቀባቻትና፣ በአንድ እሑድ ጠዋት ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ነዳቻት። ስትመለስ ግማሹን ገፋች። በሚቀጥለው ሳምንት የገፋችው አንድ ሦስተኛውን ነው። ከሁለት ወር በኋላ መግፋት ቀረ።

ከተማው አላለፋትም። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ትለብሳለች፤ የቀሚሷን ጫፍ ጎማ እንዳይበላው በካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ታስረዋለች፤ እንዲህ ሆና ስታልፍ ጫት ተራ የተቀመጡ ወንዶች ታርጋ አውጥታ እንደሆነ ይጠይቋታል። የባጃጅ ሾፌሮች ጆሮዋ ሥር ጥሩምባ ይነፋሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ቀን ሰንበቴ ላይ አንዲት ሴት፣ በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልትታይ እንደምትወጣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀቻት።

«ልታይ አይደለም የምወጣው» አለች ወሰንየለሽ፤ «ላይ ነው።»

ታምራት ግን እንዲህ በቃል የሚመለስ አልሆነም። ልጁን ዮርዲን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከናዝሬት ሊመጡ ቀን ተቆርጧል። የሙሽራው ቤተሰብ ትልቅ ነው፤ ገና በር ሲገቡ አክስትየዋን ሳይክል ላይ ሆና እንዳያዩዋት ፈራ። መጀመሪያ ለመናት፦ ለአንድ ወር ብቻ ሳይክሉን ደብቂልኝ አላት። ሰርቄ አላመጣኋት፣ አልደብቅም አለች። ከዚያ ወዲያ ታምራት ነገሩን አላነሳውም፤ እሷም ነገሩ ያበቃ መሰላት።

መሥሪያ ቤቷ ያኔ ሳይክል ወደ ግቢ አታስገቢ ስላላት በሥራ ቀን ቀይዋን ቤት ነበር የምትተዋት። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ዮርዲ በር ላይ ጠበቀቻት። ልጅቷ ፊቷ ልክ አልነበረም። አባቷ ሳይክሏን የሐረር መንገድ ዳር አዲስ ሆቴል ላሠሩት ለአቶ ገመዳ መሸጡን ነገረቻት። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሏት ነው አለች።

ታምራት አልካደም። የአባታችን ንብረት ነው፣ ታላቅ እኔ ነኝ፣ ደግሞስ ትልቅ ሆቴል ውስጥ መሰቀል ለአባታችን ክብር ነው አለ። ድርሻሽ ብሎ ገንዘብ ሲዘረጋላት እጇን ኋላዋ አድርጋ አየችው። «ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ሰው ነው» አለችውና ወጣች።

አቶ ገመዳ በአክብሮት ተቀበሏት። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ያሠሩት ቤት ያኮራቸዋል፣ አሮጌ ዕቃ ግድግዳ ላይ ማየት ይወዳሉ። ቀይዋ በሁለት ሜንጦ ተሰቅላ፣ ከላይ መብራት በርቶላታል። ወሰንየለሽ ቀና ብላ አየቻት። ሳይክሏ የእሷ መሆኗን፣ ያለፈቃዷ መሸጧን አስረዳች። እሳቸውም ያልተፈረመ ነገር እንደማይገዙ ነግረዋት ወረቀቱን አወጡ፤ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል። «አባቴ አቶ ዘገየ ሲሞቱ የተውትን አንድ አሮጌ ሳይክል» ይላል። ወሰንየለሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሃያ ሁለት ዓመት ተላላኪ ወረቀት ማንበብ ታውቃለች። አመስግናቸው ወጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሆቴሉ ተመለሰች። በአንድ እጇ ባዶ ጆንያ፣ በሌላው የመፍቻ ከረጢት ይዛለች። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጥግ ላይ የሰፈሯ ሰው የሆኑት ጡረተኛ መምህር ሞገስ ጋዜጣ ያነባሉ። ወሰንየለሽ ለአቶ ገመዳ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ወረቀቱን እንዲያወጡት ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወደ መምህር ሞገስ ዞረች።

«መምህር፣ አባቴ ሲሞቱ ሳይክሉ ምን ነበረው?»

መምህር ሞገስ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ለለቅሶው ወንበር ሊያወጡ ዕቃ ቤቱ ገብተው በገዛ እጃቸው እንዳነሱት ተናገሩ። «ብረት ብቻ ነበር» አሉ። «ጎማ የለው፣ ኮርቻ የለው። አዝኜ መልሼ አስቀመጥኩት።»

«እንግዲህ አቶ ገመዳ» አለች ወሰንየለሽ፣ «ወንድሜ የሸጠልዎት አባቴ ሲሞቱ የተውትን ነው። ያ የእርስዎ ነው። እኔ የጨመርኩበትን ደግሞ ልወስድ መጥቻለሁ። መሰላል ያውሱኝ።»

አቶ ገመዳ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ለአስተናጋጁም መሰላል አምጣላት አሉት። ትወጣለች ብለው አላሰቡም። ወጣች። የኋላውን ዳዶ ፈትታ ቸርኬውን ስታወርድ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ይበቃል አሁን። የገዛሁት ሙሉውን ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ጎማ የለም።»

«ዘበኛ ልጥራ?»

«ይጥሩ። መሰላሉን ይያዝልኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ዘበኛው መጣ፤ ግራ ገብቶት ቆሞ፣ መሰላሉ ሲወዛወዝ አይቶ እውነትም ያዘላት። ወሰንየለሽ አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ስታወርድ ከየት እንዳመጣችው እየተናገረች ጆንያው ላይ ደረደረችው፤ ቸርኬው ከድሬዳዋ፣ ጥቁሩ ፔዳል ከሂርና፣ ነጩ ከበደሳ። ካቴናውን ፈትታ እንደ መቁጠሪያ ጠቀለለችው። ኮርቻውን ነቀለች፤ መሪውን ነቀለች፤ የፍሬኑን ሽቦ ሳይቀር መዝዛ አወጣች። እጇ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። አንዳንዱ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃታል፤ እሷ ዞር ብላም አላየችው። ሲያልቅ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀይ ብረት ብቻ ነበር።

«ቀለሙም የእኔ ነው» አለቻቸው። «እሱን ትቼልዎታለሁ።»

ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ በዋናው በር ወጣች። እቤቷ እስክትደርስ አላረፈችም። በሩን ዘግታ ተቀመጠችና ጆንያውን አቅፋ እያለቀሰች ቆየች። ከእልህ ይሁን ከሐዘን አላወቀችውም።

ነገሩ ከተማውን አዳረሰ። ታምራት እሷን ማነጋገር ተወ፤ ግቢ ውስጥ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። የከተማው ሽማግሌዎች መጥተው ወንድምሽንና አቶ ገመዳን ይቅርታ ጠይቂ አሏት። አከበረቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ የመጡበትን ሁሉ አዳመጠች። ከዚያ መሰላሉ ግድግዳውን ጭሮት ከሆነ ስለ እሱ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ሌላ ግን የምትጠይቀው እንደሌለ ነገረቻቸው። እነሱም ተነስተው ሄዱ።

እንግዲህ ጎማ አለ፣ አካል የለም። ለአራት ወር ጆንያው አልጋዋ ሥር ተቀመጠ። ቴላዮ ያለው ሰው በጠየቀች ቁጥር ሰው የሆቴሉን ነገር እያነሳ ይስቃል።

ጥቅምት ላይ የሥራ ባልደረባዋ እናት ሞተው ለለቅሶ በደሳ ወረደች። ከለቅሶው ቤት ጀርባ ባለው ግቢ አንዲት ሴት ፍየሎቿን ታስገባለች። የበረቱ መዝጊያ በሁለት ገመድ የታሰረ፣ ጎማ የሌለው ሳይክል ነው። ወሰንየለሽ ነጠላዋን ሰብስባ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ከጭቃው ሥር ሰማያዊ ቀለም ይታያል፤ ብረቱ ወፍራም ነው፤ የተራራ ሳይክል ነው።

ሴትዮዋ ኢንሳፍ ትባላለች፤ ቡና ሰብስባ የምትሸጥ፣ ከወሰንየለሽ ጋር እኩያ ናት። የሳይክሉን ነገር ስትጠየቅ፣ ከብዙ ዓመት በፊት መንገድ የሚቀይስ ባለሙያ ቤታቸው ተከራይቶ እንደነበርና ሲሄድ ትቶት እንደሄደ ነገረቻት። «ዳገት ለመውጣት የተሠራ ነው ብሎን ነበር» አለች። «እኛ ፍየል ለመዝጋት ጥሩ ሆኖ አገኘነው። ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልነዳው።»

ኢንሳፍ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ለለቅሶ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ፣ ሽበቷን አየች። «ወላሂ? አንቺ ራስሽ?»

«እኔው ራሴ።»

ኢንሳፍ አልሳቀችም። «እንግዲያስ መጀመሪያ መዝጊያ አምጪልኝ» አለቻት።

ጭሮ ውስጥ ቢራቱ የሚባል በያጅ አለ። ወሰንየለሽ የበረት በር አሠራችና በሚቀጥለው ቅዳሜ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭና በደሳ ወሰደችው፤ ስትመለስ ሰማያዊው ብረት እዚያው ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ቢራቱ ሳይክሉን ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ቀጭኑ ጎማ ለዚህ ወፍራም ብረት አልተፈጠረም አላት። እውነቱን ነበር። ቸርኬው የጣት ስፋት ክፍተት ብቻ ቀርቶት ገባ እንጂ የፍሬኑ ላስቲክ የሚያርፍበት ቦታ አልገጠመም። የኋላው ክፍተት ሰፍቶ በራንዴላ መሙላት ነበረባት። መሪው ላልቶ በቆርቆሮ ቁራጭ አጠበቀችው። ቢራቱ የፍሬኑን መያዣ ቆርጦ፣ ከፍ አድርጎ በየደው፤ መጀመሪያ ጠምሞ ወጣና ደግሞ ቆረጠው፤ ደግሞ በየደው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኑ። ሲያልቅ ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሽተው አዩት። ወፍራም ሰማያዊ አካል፣ ቀጫጭን ጎማ፣ የበግ ቀንድ መሪ፣ ጥቁርና ነጭ ፔዳል።

«ይሄ ፈረስም አይደለም፣ አህያም አይደለም» አለ ቢራቱ። «በቅሎ ነው።»

«ዳገት የሚችለውስ በቅሎ አይደል» አለችው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በበቅሎዋ ወደ በደሳ ተነሳች። ከከተማው ስትወጣ ቢራቱ ከሱቁ በር ላይ «ጃባዱ!» ብሎ በኦሮምኛ አበረታታት። ወደ አርበረከቴ የሚወጣው ዳገት እግር የሚቆርጥ ዳገት ነው። ጫት የጫኑ መኪኖች ነፋሳቸው እየገፋት ያልፋሉ። ሁለት ጊዜ ካቴናው ወለቀ፤ ሁለት ጊዜ ወርዳ መለሰችው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ አይሱዙ አልፏት ሄዶ ዳር ያዘ። ታርጋውን አወቀችው። ታምራት ወርዶ መንገድ መሀል ቆመ።

ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነበር። ሳይክሉን ከላይ ልጫንልሽና ግቢ አላት። አልፈልግም አለችው። ሾፌሮች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ የታምራት እህት ዳገት ላይ ታለከልካለች ተብሎ ከዚህ እስከ ሐረር እንደሚወራ ተናገረ። ድምፁ ከቁጣ ወደ ልመና ወረደ። «ሰው ምን ይላል፣ ወሰኔ?»

ወሰንየለሽ አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሰው ሠላሳ ዓመት ሲል እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ» አለችው። «አሁን እኔ ልንዳ፤ ሰው ዝም ብሎ ይይ። ዞር በልልኝ፣ ዳገት ላይ ከቆምኩ መነሳት ይከብደኛል።»

ታምራት ዞር አለ። መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ወደ ኋላ አላየም። እሷም ዳገቱን ጨርሳ፣ በኩኒ አድርጋ፣ ሁለት ቦታ ገፍታ፣ አሥር ሰዓት ገደማ በደሳ ገባች። ኢንሳፍ አዲሱ የበረት በር አጠገብ ሆና አየቻት፤ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ይህች ሴት በእኔ የፍየል መዝጊያ ከጭሮ መጣች ብላ አሳየቻቸው። ወሰንየለሽ እዚያው አደረች፤ ጭኗ አላስቀምጥ ብሏት በጎኗ ተኝታ እራቷን በላች።

ከዚያ በኋላ አቶ ገመዳ ሰው ላኩባት። ባዶውን ብረት ያየ እንግዳ ሁሉ ታሪኩን እየጠየቀ አስቸግሯቸዋል፤ መጥታ ከነጎማው ፎቶ ብትነሳላቸው ቴላዮውን እንደሚመልሱላት አስነገሯት። ታሪኩን እራሳቸው ይንገሩት ብላ መለሰች። ደብዳቤዎቹን በበቅሎዋ ማድረስ ስትጀምር መሥሪያ ቤቷ ደግሞ በሥራ ሰዓት በሳይክል መንቀሳቀሷን እንድታቆም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት፤ ደብዳቤ አድራሿ እሷ ስለሆነች መዝገቡ ላይ አስፍራ፣ ፈርማ፣ ለራሷ አደረሰችው። የሚከለክለው መመሪያ አንቀጹ ተጠቅሶ ይገለጽልኝ ብላ በጽሑፍ ጠየቀች። መልስ አልመጣም፤ ሳይክሉም አሁን የሚቆመው ግቢው ውስጥ፣ ከኃላፊው መስኮት ሥር ነው።

ለዮርዲ ሠርግ መኪና እንላክልሽ አሏት። በበቅሎዋ ሄዳ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደገፈችው። ታምራት ከሩቅ አይቶ ወደ እንግዶቹ ዞረ። ከናዝሬት የመጡትም ምንም አላሉም። ወይም ካሉ እሷ አልሰማችም።

በቀደም ከመቻራ የመጣ ሰው፣ አንድ የቡና መጋዘን ጓሮ የተጣለ፣ ለቀጭን ጎማ የተሠራ አሮጌ የውድድር ሳይክል አይቻለሁ ብሎ ነገራት። ሰኞ በዓል የሚውልበትን ቅዳሜ መርጣ ገና ከጠዋቱ ጎማዋን ስትነፋ፣ ታምራት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ግቢው ወጣ። ጆጉን እንደያዘ ቆሞ አያት።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«መቻራ።»

«ከገለምሶ ወዲያ አስፋልት የለም፤ መንገዱ ፒስታ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው፤ የቀሚሷን ጫፍ አሰረች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።